የካፌ ሶፋ ታጥቦ ክብ ክብ ምልክት ወጣበት፣ ምን ይሻለኛል?

ክሬም ሶፋ
ሰላም ወገኖች። ቦሌ አካባቢ ትንሽ ካፌ አለኝ። ከግድግዳው ጋር ተያይዘው የተሠሩ ረጃጅም መቀመጫዎች አሉኝ፤ በትእዛዝ ያሠራኋቸው ናቸው። ልብሳቸው ክሬም ከፋይ ነው። (አዎ፣ ክሬም። ስድቡን ለሌላ ጊዜ አቆዩልኝ።) ጨርቁ በስቴፕል ስለተመታ አይወልቅም። መቀመጫዎቹም ከቦታቸው አይነቃነቁም።

ሰሞኑን ሶፋ አጣቢዎች ጠራሁ። ማሽን ይዘው መጡ፣ አረፋውን አስነሱ፣ በውሃ አለቀለቁ፣ ሂሳባቸውን ተቀብለው ሄዱ። ሲደርቅ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ምልክት እንደ ካርታ ተዘርግቶበት አገኘሁት። ሽታም አለው። ደውዬ ስጠይቅ "ችግሩ ከጨርቅሽ ነው" አሉኝ። በተጨማሪ ክፍያ ድጋሚ እንጠብልሽ ይላሉ።

ምልክቱ ይለቃል? ሽታውስ ከየት መጣ? ከዚህ በኋላስ በየስንት ጊዜ ላሳጥብ?

አቦ በቃ
ክሬም ከፋይ፣ ማኪያቶ የሚሸጥበት ቤት ውስጥ። ጀግና ነሽ እህቴ።

ዱባይ ነበርኩ
አይዞሽ፣ አብዛኛው ይለቃል። እኔ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፒንግ ላይ ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር በየጊዜው ይገጥመን ነበር።

ምልክቱ አዲስ ቆሻሻ አይደለም። ከታች የነበረው ነው ወደ ላይ የወጣው። ጨርቁ ከመጠን በላይ ሲርስ ውሃው ስፖንጁ ድረስ ይወርዳል። መድረቅ የሚጀምረው ግን ከላይ ነው። ስለዚህ ውስጥ የቀረው ውሃ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል፤ አቧራውንና ያልተለቀለቀውን ሳሙና አብሮ ይዞ። ውሃው ተኖ ይሄዳል። የተሸከመውን ግን እርጥቡና ደረቁ በሚገናኙበት ቦታ ጥሎት ይሄዳል። ቡናማው ጠርዝ እሱ ነው።

ስለዚህ ምልክቱን ለብቻው እንዳትፈትጊው። የበለጠ ሰፊ ክብ ነው የምታገኚው። መፍትሔው ሙሉውን ክፍል፣ ከስፌት እስከ ስፌት፣ እኩል ማርጠብ ነው። ሳሙና የለም። አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነጭ አቼቶ ጨምሪ። መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሪው፤ ቀለሙ ካልለቀቀ ቀጥዪ። በስፕሬይ ነው የሚረጨው፣ በጣም ቀለል አድርገሽ። የጨርቁ ፊት ይርጠብ እንጂ ስፖንጁ ውሃ አይጠጣ። ወዲያው በማሽኑ መምጠጫ ሳቢው። ማሽን ከሌለሽ ነጭ ፎጣ አንጥፈሽ በመዳፍሽ ተጫኚው፤ ፎጣው ንጹህ ሆኖ እስኪመጣ ድረስ እየቀያየርሽ። ባለ ቀለም ፎጣ አይሆንም፣ ቀለሙን ለሶፋው ያወርሰዋል።

ከዚያ ቬንትሌተር። መስኮት ክፈቺና ነፋሱ በጨርቁ ላይ እንዲያልፍ አድርጊ። እርጥብ እያለ የከፋዩን ጸጉር በለስላሳ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ አበጥሪው። እንደተኛ ከደረቀ በኋላ ማስነሳት ይከብዳል።

ሽታው ስፖንጁ ስላልደረቀ ነው። ከ24 እስከ 48 ሰዓት እርጥብ የቆየ ነገር ሻጋታ መያዝ ይጀምራል። አሁን ደግሞ ክረምት ነው። መብራት ቢጠፋ ቬንትሌተሩም አብሮ ይቆማል፤ ይሄንንም አስበሽ ጠዋት ጀምሪ እንጂ ካፌው ከተዘጋ በኋላ ማታ አታርጥቢው።

ክሬም ሶፋ
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። አንድ ጥግ ላይ ዛሬ እሞክራለሁ።

ሁሉን አዋቂ
ምን ይህን ሁሉ ያስለፋል? ውሃ ላይ ትንሽ በረኪና ጠብ አድርጎ መጥረግ ነው። ክሬም አይደል? እንዲያውም ይነጣልሻል።

ላብራቶሪ
ኧረ በስመአብ! በረኪና ክሬምን አያነጣም፤ ቀለሙን በልቶ ቢጫ ወይም ሮዝ ነገር ያደርገዋል። ክሩንም ያሳሳዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ እላይ አቼቶ ተመክሯል። በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ የሚያቃጥል። ከአሞኒያ ጋርም ሌላ መርዛማ ጋዝ ነው የሚወጣው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሠራተኛ ሊገል ይችላል። እህቴ፣ በረኪናውን ለመጸዳጃ ቤት ተዪው።

መርፌና ማስቲሽ
ልጄ፣ እኔ ሶፋ ሠሪ ነኝ። አጣቢዎቹ የማያዩትን ልንገርሽ።

እንዲህ ያለ ከግድግዳ ጋር የሚያያዝ መቀመጫ ከስሩ ብዙ ጊዜ ቺፑድ ነው፣ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨፍልቆ የተሠራው። ደህና ገንዘብ የከፈለ ሰው በኮምፔርሳቶ፣ ስስ እንጨት ተደራርቦ በተጣበቀው፣ ያሠራል። ቺፑድ ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ ቢደርቅም አይመለስም። ብሎኑ ይላላል፣ መቀመጫው ሲጢጥ ይላል። ስፖንጁ ከእንጨቱ ጋር የተያያዘው በማስቲሽ ነው። ጨርቁን የያዘው ስቴፕል ብረት ነው፤ ውሃ ካገኘው ይዝጋል፣ ዝገቱ ደግሞ በነጭ ጨርቅ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። እኔ ዘንድ ለእድሳት የሚመጡት ሶፋዎች ብዙዎቹ ቆሽሸው አይደለም የሞቱት። ታጥበው ነው።

እዚህ አገር ሶፋ አጠበ የሚባለው ብዙ ውሃ ያፈሰሰ ሰው ነው። ደንበኛውም ጥቁር ውሃ ሲወጣ ካላየ ገንዘቡ የተበላ ይመስለዋል። ጥሩ አጣቢ ግን መጀመሪያ ደረቁን ቆሻሻ በቫኪዩም ጨርሶ ያወጣል። አቧራ ላይ ውሃ ሲጨመር ጭቃ ነው የሚሆነው። ከዚያ አረፋውን ብቻ ይጠቀማል። ትንሽ ላርጎ ውሃ ላይ መትተሽ አረፋውን በስፖንጅ ቀድተሽ መጠቀም ትችያለሽ፤ ከታች ያለውን ውሃ አትንኪው። ሳሙና ከበዛ ጨርቁ ላይ ይቀራል። የቀረ ሳሙና ይለጠፋል፣ አቧራ ይስባል፣ ሶፋው ከበፊቱ ቶሎ ይቆሽሻል።

አጣቢ ስትጠሪ ደግሞ "እስቲ በማይታይ ቦታ ሞክረህ አሳየኝ" በዪው። እምቢ ካለ ሸኚው። ሂሳቡንም ከደረቀ በኋላ ክፈዪ።

አቦ በቃ
"ታጥበው ነው የሞቱት" 😂 ጋሼ፣ ይቺን ጽፈው ሱቅዎ ላይ ይለጥፏት።

ሐበሻ ምግብ ቤት፣ ዲሲ
ከዋሽንግተን ነኝ። እዚህ ፋብሪካ የሠራው ሶፋ ትራስ ስር መለያ አለው። "ደብልዩ" ካለ በውሃ ይጸዳል። "ኤስ" ካለ ውሃ አይነካውም፣ በሶልቨንት (ውሃ በሌለው ማጽጃ ፈሳሽ) ብቻ። "ደብልዩ ኤስ" ሁለቱንም ይችላል። "ኤክስ" ደግሞ ቫኪዩምና ለስላሳ ብሩሽ ብቻ፤ ምንም እርጥብ ነገር የለም። አጠገቡ ስለ እሳት የሚያወራ ሌላ መለያ ይኖራል፤ እሱ ለእጥበት ምንም አይነግርሽም።

በትእዛዝ ስታሠሪ ግን ይሄ መለያ የለም። ጨርቁ በጥቅል ነው የሚመጣው፤ መረጃው ጥቅሉ ላይ ወይም ናሙናው ካርድ ላይ ይቀራል። እኛም ምግብ ቤቱን ስናሠራ ያስቸገረን ይሄ ነበር። አሁን ያለኝ ደንብ፣ ናሙናው ካርድ ፎቶ ሳይነሳ ጨርቁ አይቆረጥም።

ሌላም ነገር ካርዱ ላይ አለ፤ ጨርቁ ስንት ፍትጊያ እንደሚችል። ዊዘንቢክ በሚባለው መለኪያ ሰው ለሚበዛበት ቤት 30,000 ይመከራል። ማርቲንዴል በሚባለው ደግሞ 40,000። ለሳሎን ቤት የተሠራ ቀጭን ጨርቅ ካፌ ውስጥ ቢገባ ማንም አጥቦ አያድነውም።

ክሬም ሶፋ
መርካቶ ነው የገዛሁት። ካርድ የሚባል ነገር አላየሁም። ሻጩ "የቱርክ ነው፣ አንደኛ ነው" ብቻ ነው ያለኝ።

ላብራቶሪ
የቱርክ መሆኑ የጨርቁን ዓይነት አይነግርሽም። ከማይታይ ቦታ አንድ ክር ምዘዢና ደጅ ወጥተሽ በወረንጦ ይዘሽ አቃጥዪው። ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ከሆነና ፕላስቲክ ከሸተተ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው፤ ተመስገን በዪ፣ ውሃ ይችላል። እንደ ወረቀት ነድዶ ብን የሚል አመድ ካስቀረ ጥጥ ወይም ቪስኮስ (ከእንጨት የሚሠራ ክር) ነው። የቪስኮስ ከፋይ ውሃ ሲነካው ጸጉሩ ይተኛል፣ ቡናማ ምልክትም ቶሎ ያወጣል። እሱ ከሆነ እጅሽን ሰብስቢ። ሱፍ ደግሞ የተቃጠለ ጸጉር ነው የሚሸተው።

ክሬም ሶፋ
አቃጠልኩ። ቀለጠ! ጥቁር ጠጠር ነገር ሆነ።

ላብራቶሪ
በጣም ጥሩ። እንግዲያውስ ስለ እድፍ ልጻፍልሽ፤ ካፌ ውስጥ ከጠቅላላ እጥበቱ ይልቅ የሚያስቸግርሽ እሱ ነው። ሠራተኛ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጨርቅና በሙቅ ውሃ ነው የሚፈትገው።

ማኪያቶ ሁለት ነገር ነው። ወተቱ ፕሮቲን አለው፤ ሙቅ ውሃ ሲያገኘው እንደ እንቁላል ይረጋና ክሩ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ። ከዳር ወደ መሃል በነጭ ጨርቅ እየተጫኑ መምጠጥ ነው፣ መፈተግ የለም። ከዚያ ጠብታ ላርጎ ያለበት ውሃ። የቡናው ቀለም ከቀረ ትንሽ አቼቶ ያለበት ውሃ። ደረቅ ሳሙና በቡናና በሻይ እድፍ ላይ አይነካም፤ ቀለሙን ያጸናዋል።

ወጥ ሲፈስ መጀመሪያ በማንኪያ አንሱት። ቅባቱን ለመምጠጥ የሕፃን ፓውደር ወይም ኮርን ስታርች ነስንሳችሁ ተዉት፤ ሲደርቅ በቫኪዩም ይወጣል። የበርበሬው ቀይ ቀለም በቅባት የሚሟሟ ስለሆነ ቅባቱ ሳይወጣ ውሃ ቢያፈሱበት አይንቀሳቀስም። ከዚያ ላርጎ።

አልጫ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። እርድ ላይ ሳሙና ስታደርጊ ቢጫው ድንገት ወደ ቀይ ይዞራል። ሠራተኛሽ "አበላሸሁት" ብላ ትደነግጣለች። የእርድ ቀለም አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ የሆነ፣ ነገር ሲያገኘው ነው እንዲህ የሚሆነው፤ ሳሙናውን አውጥታ አቼቶ ያለበት ውሃ ስትነካው ወደ ቢጫ ይመለሳል። ቢጫውን የሚያጠፋው ብርሃን ነው። በመስኮት በኩል ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነ በየቀኑ እየደበዘዘ ይሄዳል። ግን የአዲስ አበባ ፀሐይ ኃይለኛ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። እርዱን ሲያጠፋ የጨርቁንም ቀለም እንዳያጠፋ እያየሽ።

የሻማና የጧፍ ሰም ከሆነ በረዶ በላስቲክ አድርገሽ አደርቂውና ሰብረሽ አንሺው። የቀረውን በነጭ ወረቀት ላይ በፀጉር ማድረቂያ አሙቀሽ ወረቀቱ እንዲመጠው አድርጊ። ካውያ በፖሊስተር ከፋይ ላይ አይታሰብም።

የዕጣን ፍም ከወደቀበት፣ ያ እድፍ አይደለም። ክሩ ቀልጧል። ለመርፌ ባለሙያው ነው የሚሄደው።

ሁሉን አዋቂ
ቅባትን ቤንዚን ነው የሚያወጣው። አባቴ ኮቱን በቤንዚን ነበር የሚያጸዳው።

መርፌና ማስቲሽ
ኮት ማስቲሽ የለውም። ቤንዚን ጨርቁን አልፎ ስፖንጁን የያዘውን ማስቲሽ ያሟሟዋል፤ መቀመጫው ይሸበሸባል። ደግሞ ካፌ ነው፣ ወጥ ቤቱ እሳት አለው፣ ጀበናው ከሰል ላይ ነው። አደራህን።

የፀጉር ቤቷ
ይቅርታ ወሬያችሁን ልጥለፍ። የእኔ ወንበሮች ጥቁር ሌዘር ናቸው፣ አርቲፊሻሉ። ራስ መደገፊያውና የእጅ መደገፊያው እንደ ቅርፊት እየተነሳ ነው። ሌላው ቦታ ደህና ነው። ቅባት ብቀባው ይመለሳል?

ዱባይ ነበርኩ
አይመለስም እህቴ። እሱ ከላይ ያለው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው ከጨርቁ የተላቀቀው። የሚበላሸው ራስና እጅ በሚነካው ቦታ የሆነው የሰው ላብና የፀጉር ቅባት ስለሚያለሰልሰው ነው። ቅቤ የተቀባ ራስ በየቀኑ ሲደገፍበት አስቢው። በዚያ ላይ አልኮሉ አለ። በ2012 ኮሮና ሲገባ ሁሉም ቤት ወንበሩን በሳኒታይዘር ማጽዳት ለመደ፤ ብዙዎች እስካሁን አልተዉትም። አልኮል ሌዘሩን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል።

ለቀሩት ወንበሮች ግን ጊዜ አለሽ። ማታ ማታ ጠብታ ላርጎ ባለው ውሃ በተጨመቀ ጨርቅ አብሺ፣ በንጹህ ውሃ ድገሚ፣ በደረቅ ጨርሺ። መደገፊያው ላይ ፎጣ ይኑር፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሚቀየር። የፀጉር ቀለም ሲንጠባጠብ ወዲያው ካልተጠረገ አይለቅም፣ በተለይ በነጭ ሌዘር ላይ።

ሐበሻ ምግብ ቤት፣ ዲሲ
እውነተኛ ቆዳ ያላችሁ ደግሞ ሳሙና አታብዙ። ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፤ ሳሙና ያደርቀዋል። ለቆዳ የተሠራ ክሬም አለ። የጫማ ቀለም የሚቀቡም አይቻለሁ። በነጭ ቀሚስ የመጣች እንግዳ ስትነሳ ምን እንደሚፈጠር ልተወው።

እማማ ቤት
ልጆች፣ እኔ የምለው፣ ድሮ ሶፋ ዳንቴል ይደረግበት ነበር፣ ነጭ ልብስ ይለብስ ነበር። ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ ተመልሶ ይለብሳል። አሁን ምን ነካችሁ?

አቦ በቃ
እማማ፣ ካፌው ኢንስታግራም ላይ መውጣት አለበት እኮ።

መርፌና ማስቲሽ
እማማ እውነታቸውን ነው። ዳንቴሉ ይቅር፤ ሐሳቡ ግን ልክ ነው። የሚወልቅ ልብስ ነው የሚያስፈልገው።

ልጄ፣ ይህንን ስታድሺ እንዲህ አዢ። መደገፊያው በስቴፕል ይመታ፣ ግድ የለም፤ ብዙ አይቆሽሽም። መቀመጫው ግን ለብቻው የሚነሳ ይሁን፣ ልብሱ ከኋላ ዚፕ ይኑረው። አንዱን ረጅም መቀመጫ በአንድ ጨርቅ አታስለብሺው፤ በየ60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር ቆራርጦ ይሥራልሽ። ማኪያቶ ሲፈስ አንዱ ይወልቃል፣ ሌላው ቦታው ላይ ይቀራል። ከስፖንጁና ከልብሱ መካከል ውሃ የማያስገባ ቀጭን ጨርቅ ይግባ። በዋጋ ላይ የሚጨምረው ብዙ አይደለም፣ ስፖንጁን ግን ያድነዋል። ስፖንጁም ክብደቱ በኪዩብ ሜትር 35 ኪሎ አካባቢ ይሁን። ቀላሉ ስፖንጅ ቶሎ ይሰጥማል፤ ሲሰጥም ልብሱ ይላላና ይጨማደዳል፣ ጭምዳዱ ላይ ቆሻሻው ይገባል፣ እዚያው ያልቃል።

ትርፍ ጨርቅ ደግሞ ከዚያው ጥቅል ግዢ። በኋላ "ያው ቀለም ነው" ብለው ከሌላ ጥቅል ቢሸጡልሽ ጎን ለጎን ሲሆን ይለያል። ትርፉን ጨለማ ቦታ አስቀምጪው።

ክሬም ሶፋ
ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልን። የቆራረጠ መቀመጫ የሚለውን ማን በነገረኝ።

አሁን የዕለቱን ሥራ ንገሩኝ። ሁለት አስተናጋጆችና አንድ ጽዳት አሉኝ። ጽዳቷ ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ሁሉንም ትወለውላለች።

ዱባይ ነበርኩ
እርጥቡን ጨርቅ አስቁሚያት! አቧራውን ወደ ውስጥ እየከተተችው ነው።

ማታ ካፌው ሲዘጋ ቫኪዩም፤ ስፌቱና ከመደገፊያው ጋር የሚገናኝበት ክፍተት ድረስ። ፍርፋሪው እዚያ ነው የሚከማቸው፣ በረሮም የሚመጣው እሱን ብሎ ነው። ደቃቅ አሸዋው ደግሞ ሰው በተቀመጠና በተነሳ ቁጥር ክሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። መንገዱ ሲቆፈር የሚገባውን አቧራ አንቺ ታውቂዋለሽ። ቫኪዩም ከሌለሽ እሱን ከእጥበት ሂሳብሽ ቀድመሽ ግዢ።

ባንኮኒው ስር አንድ ሳጥን ይኑር፤ ነጭ ጨርቆች፣ ማንኪያ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ስፕሬይ፣ ፓውደር። ሲፈስ አስተናጋጁ ራሱ ወዲያው ይነሳበት፣ "ጽዳቷን ጥሯት" እየተባለ እንዳይደርቅ። ከሳጥኑ ክዳን ላይ "አይፈተግም፣ ሙቅ ውሃ የለም፣ በረኪና የለም" ብለሽ ለጥፊበት።

ሙሉ እጥበቱ እንደ ቤቱ ይለያያል። ሰው የሚበዛበት ካፌ በየሦስት ወይም አራት ወሩ፣ ጸጥ ያለ ቢሮ በዓመት አንዴ። የአንቺን ግን በወር አትቁጠሪው። የእጅ መደገፊያው መጥቆር ሲጀምር ነው ጊዜው። ክረምቱ ሳይገባ ግንቦት ላይ አንዴ፣ ዝናቡ ሲወጣ ጥቅምት ላይ አንዴ ብታደርጊ መድረቁ አያስጨንቅሽም።

ክሬም ሶፋ
የአቼቶውን ውሃ በሦስቱ መቀመጫዎች ላይ ሞከርኩት። ሁለቱ ጠርቷል፣ ምልክቱ አይታይም። ሽታውም ቀንሷል። ሦስተኛው፣ በሩ አጠገብ ያለው፣ ክቡ ጠፍቶ ከጠርዙ ላይ ግን ትናንሽ ብርቱካናማ ነጥቦች ቀሩ። በመስመር ናቸው። ሎሚ ልሞክር?

ላብራቶሪ
ዝገት ነው። ሎሚ ያቀልለዋል፣ ምንጩ ግን ከውስጥ ከሆነ ተመልሶ ይወጣል።

መርፌና ማስቲሽ
በመስመር ከሆነ ስቴፕሉ ነው፣ አትድከሚ። እሱን አንዱን አስከፍቺው። ጨርቁ ሲነሳ መጀመሪያ ስፖንጁን ጫን አድርገሽ እይው፤ ቀዝቀዝ ካለሽ ወይም ከሸተተሽ አብሮ ይቀየር። ቺፑዱንም በጣትሽ ነካ ነካ አድርጊው። ፈርፈር ካለ ኮምፔርሳቶ ይግባበት። የማይዝግ ስቴፕል አለ፣ በውድ ነው የሚሸጠው፣ እሱን ጠይቂ። ከመጀመሪያው ሠሪ የተረፈ ጨርቅ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ደውዪለት። እኛ ቁራጭ ብዙ አናስቀምጥም፣ ለትራስ ነው የምናደርገው።

ክሬም ሶፋ
ደወልኩ። አንድ ሜትር ተኩል አለው። ሊሸጥልኝ ነው ግን፣ የራሴን ጨርቅ!

አቦ በቃ
ተከራከሪ 😂